ሁለት ጎን ጭነት

ሻንጣ የሚለው ቃል ራሱ መንገደኛ ነው። ቱርኮች «ቻንታ»፣ ዐረቦች «ሸንጣ» ይላሉ፤ የኛም የዚያው ዘመድ ነው። አያቶቻችን ሩቅ መንገድ ሲወጡ ሁሉን የሚውጥ አንድ ዕቃ አልነበራቸውም። እህሉ በአቅማዳ፣ በሶው በስልቻ፣ እንጀራው በአገልግል፣ ገንዘቡ በኮሮጆ ነበር። (ኮሮጆ ዛሬ ተሹሞ የምርጫ ድምፅ ይጠብቃል፤ የሻንጣ ዘመዶች ሁሉ እንዲህ አልቀናቸውም።)

ይህን የማነሳው ታናሽ እህቴ ለትምህርት ካናዳ ልትሄድ ስትል ሻንጣ ፍለጋ አብሬያት ስለዞርኩ ነው። ያደግነው የካ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከቤታችን ወደ ላይ እንጦጦ፣ ወደ ታች ሾላና መገናኛ። ቲኬቷ ላይ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይላል። እሷ ስለ ቀለሙና ስለ ቁልፉ ትጨነቃለች፣ እናቴ ስለ በርበሬው። እኔ ግን «ሁለት» የሚለው ላይ ተጣበቅኩ።

አየር መንገዶች የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ለኛ ግን ቁጥሩ አዲስ አይደለም። አጋሰስ ሲጫን ጭነቱ ሁለት ጎን ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ዳገት ላይ ይጋደላል፣ መጫኛው ይላላል፣ የበቅሎዋ ጀርባ ይላጣል፤ ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ ይዞ ደግሞ የትም አይደረስም። ስለዚህ ጎበዝ ጫኝ ሁለቱን ጎን በእጁ አንስቶ ይመዝናል፣ ከከበደው ቀንሶ ወደቀለለው ይጨምራል። እህቴ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሻንጣ ከፍታ ጂንስ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታመላልስ ያየሁት እሱኑ ነው።

በእንጦጦ ታሪክ ጭነቱ ጉድ የሠራው ሰው ጥሩ ብባል አርተር ራምቦን እጠራለሁ። አዎ፣ ገጣሚው። ግጥም ከተወ አሥር ዓመት አልፎታል፣ ነጋዴ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1886 ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ ተነሣ። በረሃውን የሚሻገረው ግመል ነው፤ የሸዋ ተራራ ሥር ሲደረስ ግን የግመል ሥራ ያበቃል። ጭነቱ ተፈትቶ ለበቅሎና ለአህያ እንደገና ይከፋፈላል። የዛሬ መንገደኛ ዱባይ ላይ አውሮፕላን ሲቀይር ሻንጣው በራሱ ይከተለዋል፤ ያኔ እያንዳንዱ ሳጥን በሰው እጅ ወርዶ በሰው እጅ ይጫናል።

አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። አራት ወር መሆኑ ነው። ደርሶ ሲያይ ንጉሡ የሉም፤ መቀመጫቸውን እንጦጦ አድርገዋል፣ እሳቸው ራሳቸውም ከሐረር ዘመቻ ገና እየተመለሱ ነበር። ራምቦም ተከትሎ እንጦጦ ወጣ። ንጉሡ ሲመጡ በጠየቀው ዋጋ አልገዙትም። የሞተ ሸሪኩ አበዳሪዎችም «ዕዳችንን» እያሉ ከበቡት። የተረፈውን ሒሳብ እንኳ በእጁ አልተቀበለም፤ ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) የሚቀበልበት ወረቀት ተጻፈለት። ሰውዬው በግመል ጭኖ መጥቶ ከእንጦጦ የወረደው ወረቀት ይዞ ነው።

በዚያው ዓመት ከካይሮ ለቤተሰቦቹ ሲጽፍ 8 ኪሎ ገደማ ወርቅ ቀበቶው ውስጥ ታጥቆ እንደሚዞርና ሆዱን እንዳበላሸው ያማርራል። የኛ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ራምቦ ዛሬ ቦሌ ቢመጣ አንድ ኪሎ ያስቀንሱት ነበር።

ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የግራና የቀኝ ጣጣ ቀረ። እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሙሉ ለሳጥን ጀርባው የሚላጥ እንስሳ የለም፤ ስለዚህ ጓዝ ሰፋ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሊጎበኙ ሲወጡ ለስጦታ አንበሶች ይዘው ነው። የአንበሳ ትርፍ ኪሎ የሚያስከፍል አልነበረም።

ሚዛንን የመለሰው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ጎማው ዘግይቶ መጣ፤ በርናርድ ሳዶው የሚባል አሜሪካዊ ለባለጎማ ሻንጣ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1972 ነው። እኔን ብትሉኝ ስለ ጎማ ብዙ አትጨነቁ። የተሠራው ለኤርፖርት ወለል ነው። የፈረንሳይን ቁልቁለት፣ ያንን ኮብልስቶን፣ አንዴ ጎትቱበትና ተመለከቱ። ከኛ ቤት እስከ አስፋልቱ ሻንጣ የሚሄደው በጎረምሳ ትከሻ ነው።

የእህቴ ሻንጣ ገና ባዶ ሳለ ሰው መጣ። የፊት ለፊቷ እትዬ ቶሮንቶ ላለ ልጃቸው ሽሮ። ሌላዋ ለእህቷ በርበሬና ነጠላ። ስሙን የማናውቀው የአክስቴ ጎረቤት ቡና፣ «ኪሎ አትሞላም እኮ» እያለ። እናቴ እያንዳንዱን ጥቅል ፊታቸው ፈታ አየች። ማንም አልተቀየመም፤ ያልተፈተሸ አደራ ይዞ በሰው አገር የታሰረ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም። ስደምረው ከ46ቱ ኪሎ 19ኙ የእህቴ አይደለም።

በሆዴ ተናደድኩ። የራሷን ካፖርት ትታ የሰው ሽሮ ትሸከማለች? ከዚያ ግን የስልክ ቁጥሮቹን አየሁ። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ በማርከር የተቀባዩ ስምና ቁጥር ተጽፏል። ሽሮው የሚጠብቀው ሰው አለ ማለት እህቴን የሚጠብቃት ሰው አለ ማለት ነው። ቀን ቆጥሮ ይደውላል። ሳትደርስ ብትቀር ከኛ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ትርፍ ጭነት ያልኩት ነገር፣ ለካ ማንንም በማታውቅበት ከተማ ሦስት ሰው አዘጋጅቶላት ነበር።

ከነዚሁ መንደሮች ሌላም ጉዞ አለ። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ የሚሄዱት ሴቶች አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ነው የሚወጡት። አደራ የሚሰጣቸው የለም፤ ማን ቤት እንደሚገቡ፣ በር ከተዘጋ በኋላም ይውጡ አይውጡ አይታወቅማ። እነሱን የሚጠብቃቸው አሠሪው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ተመለሱ። በጁን 2020 ደግሞ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ደመወዛቸው ያልተከፈለ፣ ፓስፖርታቸው ያልተመለሰ ነበሩባቸው። ሻንጣቸውን ከጎናቸው አድርገው አስፋልት ዳር አደሩ። የዚያን ሰሞን ፎቶዎች ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ሻንጣዎቹ ላይ ነው። ምን ያህል ትንሽ ናቸው!

ስለ ክብደት ካነሳን አይቀር፣ ከ23 ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣ ላይ ብዙ ጊዜ «ከባድ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የሚያነሳው ሠራተኛ ወገቡ እንዳይጎዳ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ሻንጣ ፍለጋ በወጣንበት ጠዋት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች በበራችን ወረዱ። ሸክማቸው ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ጀርባ ደግሞ እንደ በቅሎ ሁለት ጎን የለውም፤ ያለው አንድ ነው። መንገድ ለቀቅንላቸው። ወረቀት የሚለጥፍላቸው የለም።

ሻንጣውን መገናኛ ገዛን። ድርቁ ፕላስቲክ ያምራል፣ ባዶውን ግን 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ጨርቁ 3 ኪሎም አይሞላ። ሻጩ «ድርቁ ይሻላል፣ ይወረወራል እኮ» ብሎ ተከራከረን፤ እውነቱን ነው፣ ይወረወራል። ግን የሚወረወረው በርበሬ ነው፤ በርበሬ አይሰበርም። ጨርቁን ወሰድን፣ እጀታው ላይም ከሩቅ እንዲለይ የቀይ ነጠላ ጥለት አሰርንበት።

ከዚያ ሾላ ገባን። ሦስት ኪሎ በርበሬ አስመዘንን። ሴትዮዋ የት እንደሚሄድ ስትሰማ ሁለት እፍኝ ሙሉ ምራቂ ጨመረች፣ «ለልጅቷ ነው» ብላ። ማታ ቤት ስንመዝን አንዱ ሻንጣ 22 ከግማሽ፣ ሌላው 23 ተኩል። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና የእህቴን ሁለተኛ ጫማ አወጣች።