ዶክ ሌቨለር፦ ከፍታ አስማሚ

ዶክ በመሠረቱ መርከብ ተጠግቶ የሚጭንበትና የሚያራግፍበት የወደብ መቆሚያ ነው። መጋዘን ሠሪዎች ቃሉን ወደ የብስ አምጥተው የጭነት መኪና በኋላው ለሚጠጋበት ከፍ ያለ በረንዳ አዋሉት፤ በአማርኛ «የመጫኛ መድረክ» ብንለው ይገልጸዋል። ዶክ ሌቨለር ደግሞ በመድረኩና በመኪናው ወለል መካከል የሚዘረጋ፣ ከመኪናው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል የብረት መሸጋገሪያ ነው። ሥራው ሁለት የማይገጥሙ ከፍታዎችን ማስማማት ስለሆነ እዚህ «ከፍታ አስማሚ» ብለነዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩርባት የቡና አገር ኢሉባቦር ለዶክ እንግዳ አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የጎሬ ቡና በጋማ ከብትና በሰው ሸክም ጣቢያው ወደተከፈተበት ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሻገር ጀመር። ወንዙ ሲጎድል መርከቡም ይቀር ነበር። ያኔ ጭነቱን የሚወስነው የውኃው ከፍታ ነበር፤ ዛሬ መቱ፣ ጎሬና ያዮ ላይ የሚወስነው የመኪናው ወለል ከፍታ ነው።

ችግሩ የሚታየው መኪናው ሲጠጋ ነው። የአይሱዙ ወለል ዝቅ ይላል፣ የተሳቢው ከፍ ይላል። ያው አንዱ መኪና እንኳ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ኬሻው እየተደረደረ ሲሄድ ባሌስትራው ይጫናል፣ ወለሉም ይወርዳል። ጫኙ 60 ኪሎ ኬሻ ተሸክሞ የሚረግጠው ሳንቃ መጀመሪያ ዳገት የነበረው ኋላ ቁልቁለት ይሆንበታል፤ ሲዘንብ ደግሞ ያዳልጣል። ወደ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ኬሻ፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና እንደሚገባ ስናስብ፣ ይህ እርምጃ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም መገመት አያዳግትም።

አስማሚው ሦስት ዓይነት ነው። ቀላሉ በእጅ የሚዘረጋ ወፍራም ላሜራ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያስማማውም ልዩነት ትንሽ ነው። ሁለተኛው በመድረኩ ጠርዝ ላይ የሚታሰር አጭር መሸጋገሪያ ነው። ሦስተኛው መድረኩ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ የሚቀመጥ ሲሆን በሞላ ወይም በሃይድሮሊክ ይነሣል።

ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ርዝመቱ ነው። የከፍታው ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 2 ሜትር መሸጋገሪያ 15 በመቶ ተዳፋት ይሰጣል፤ 3 ሜትሩ 10 በመቶ። ፓሌት በእጅ ለሚገፋ ሰው ሁለቱም ይከብዳሉ፤ ስለዚህ የመድረኩን ከፍታ አዘውትረው ከሚመጡት መኪኖች ጋር ማቀራረብ ይቀድማል። ቀጥሎ የመሸከም አቅሙ ነው፦ የሚቆጠረው ቡናው ብቻ ሳይሆን ፎርክሊፍቱም ጭምር ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ሞላው ይመረጣል።

አስማሚው ብቻውን ግን አደጋ አያስቀርም። ፎርክሊፍት ወደ መኪናው በገባና ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናውን በጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በመድረኩና በመኪናው መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ሄዶ መኪናው ላይ ያረፈው የመሸጋገሪያው ጫፍ (ከንፈሩ) ድንገት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የእጅ ፍሬን መያዙ አይበቃም፤ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ የመጨረሻው ኬሻ እስኪገባም አይነሣ። መኪናው ሲጠጋ ግድግዳውን እንዳይመታ በመድረኩ ፊት ወፍራም ጎማ ይታሰራል።

ለኢሉባቦር ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጣሪያው ነው። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወርዶ የደረቀ ቡና በጭነት ሰዓት ከራሰ የወራት ድካም ይበላሻል። ጣሪያው ከመድረኩ አልፎ የመኪናውን የኋላ ስፖንዳ መሸፈን አለበት፤ የመኪና መቆሚያውም ውኃው ወደ መጋዘኑ እንዳይመለስ ሆኖ ይሠራ።

በትከሻ ለሚጭን መካከለኛ የቡና መጋዘን ሃይድሮሊክ ቅንጦት ነው። በልክ የተሠራ መድረክ፣ ሰፊ ጣሪያ፣ የማያዳልጥ ላሜራና ጥንድ ታኮ አብዛኛውን ችግር ይፈቱታል፤ ባለ ጉድጓዱን አስማሚ ፎርክሊፍት ሲገባ መግዛት ይቻላል። ባለ መጋዘኖች ሆይ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ደጃችሁ የሚቆሙትን መኪኖች ወለል ለኩ፤ ባዶም ሙሉም ሆነው።