በመሟሟት የሚወጣ ሙቀትና የሔስ ሕግ

ብዙ ነገር በውኃ ሲሟሟ ሙቀትን ይሰጣል ወይም ይወስዳል። ኮስቲክ ሶዳ ውኃውን ያሞቀዋል፤ አሞንየም ናይትሬት ግን ያቀዘቅዘዋል። ይህንን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ቀላል ነው፤ በቍጥር ሰፍሮ ማወቅ ግን የብዙ ሊቃውንትን ድካም ጠይቋል።

በ18ኛው መቶ ዓመት የስኮትላንዱ ሊቅ ጆሴፍ ብላክ የሙቀት ብዛትና የሙቀት ደረጃ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። ቀጥሎም ላቯዚዬና ላፕላስ በ1782 እና በ1783 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) በፓሪስ ከተማ፥ በሚቀልጠው በረዶ ክብደት ሙቀትን በሚለካ መሣሪያ ተመራመሩ። ነገሩን በሕግ ያጸናው ግን ጀርማን ሔስ ነው።

ሔስ በ1802 በጄኔቭ ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ወደ ሩሲያ ተወሰደ። በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ተምሮ በ1825 ተመረቀ፤ በሳይቤሪያም በኢርኩትስክ ከተማ በሐኪምነት አገለገለ። ኋላም ሕክምናውን ትቶ በፒተርስበርግ ለኬሚስትሪ ምርምርና ለማስተማር ራሱን ሰጠ። በሩሲያኛ የጻፈው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍም ለብዙ ዓመታት የተማሪዎች መመሪያ ሆኗል።

ሔስ ሰልፈሪክ አሲድን አንድ ጊዜ እንዳለ፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ በውኃ እያቀጠነ ከአሞንያ ጋር አዋሐደው። ያልቀጠነው አሲድ 595.8 የሙቀት መስፈሪያ ሰጠ። በጥቂት ውኃ የቀጠነው ከአሞንያ ጋር 518.9 ብቻ ሰጠ፤ ነገር ግን ሲቀጥን 77.8 ሰጥቶ ስለ ነበረ ድምሩ 596.7 ሆነ። ውኃው ሲጨመር 480.5 እና 116.7 ተደምረው 597.2 ሆኑ። ከዚህም የተነሣ መንገዱ ቢለያይም መነሻውና መድረሻው አንድ ከሆነ የሙቀቱ ድምር አንድ መሆኑን በ1840 ገለጠ። ይህም የኃይል አለመጥፋት ሕግ ገና በሊቃውንት ዘንድ ሳይጸና ነበር። በዚሁ ሕግ በቀጥታ ሊለካ የማይቻለውን ሙቀት ከሚለካው አስልቶ ማግኘት ተቻለ።

ስሌቱ ለትምህርት ቤትም የሚከብድ አይደለም። በ100 ግራም ውኃ 4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ ቴርሞሜትሩ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ቢወጣ፥ የተገኘው ሙቀት 104 በ10 ሲባዛ 1,040 ካሎሪ ይሆናል፤ ይህም ድብልቁን እንደ ውኃ በመቍጠር ነው። 4 ግራም የአንድ ሞል አንድ ዐሥረኛ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ሞል 10,400 ካሎሪ ወይም 43.5 ኪሎጁል ያህል ይደርሰዋል። በትክክለኛ መሣሪያ የተገኘው 44.5 ያህል ነው፤ የጐደለው ወደ ዕቃውና ወደ አየሩ የሸሸው ነው።

ሔስ በ1850 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። በሰንጠረዡ ላይ ግን ለመምህራን የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ትቷል። አሲዱ ይበልጥ በቀጠነበት ሙከራ ድምሩ 601.8 ሆኖ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ነበር፤ እርሱም ያገኘውን ቍጥር እንዳገኘው አሳተመው። ተማሪ ከመጽሐፉ ጋር እንዲስማማለት የለካውን ቍጥር ቢያስተካክል፥ የሸሸውን ሙቀት ከነምክንያቱ መፈለግን ይተዋል። ያየውን በእውነት የሚጽፍ ግን ልዩነቱ ራሱ ያስተምረዋል።