ዳኛና ወዳጅ

ዳኝነት በችሎት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሁለት ሰዎች ተወዳድረው ሦስተኛው «ይህ ይበልጣል» ካለ፣ ያ ሦስተኛ ሰው ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ የዘፈን ውድድር እንኳ ስለ ዳኝነት ትምህርት ይገኛል ብዬ ይህን ታሪክ ለወጣቶች አቀርባለሁ።

በአሜሪካ አገር «አሜሪካን አይዶል» የሚባል የዘፈን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2002 ፎክስ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ተጀመረ። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ዘፋኟ ፓውላ አብዱል ነበረች። ዳኞቹ በመጀመሪያ ተወዳዳሪዎቹን ይመርጣሉ፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን የሚወስነው ተመልካቹ በስልክ የሚሰጠው ድምፅ ነበር። ይሁን እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚሰማው ዳኛ አንዱን ቢያመሰግን ሌላውን ቢነቅፍ፣ ቃሉ የብዙውን ሰው ልብ ማዘንበሉ አይቀርም።

በ2003ቱ ውድድር ኮሪ ክላርክ የሚባል ወጣት ከመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ነገር ግን ቀድሞ በፖሊስ ተይዞ እንደ ነበር ለአዘጋጆቹ ስላልገለጸ ከውድድሩ አስወጡት። በ2005 በሜይ ወር ኤቢሲ በተባለው ሌላ ጣቢያ ቀርቦ፣ በውድድሩ ጊዜ ከፓውላ አብዱል ጋር በፍቅር እንደ ነበረና ዘፈን በመምረጥ ትረዳው እንደ ነበር ተናገረ። እርሷም ነገሩ ሐሰት ነው ብላ አስተባበለች።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው አገሩን ሞላው። አንዱ «እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም» ብሎ በእርሷ ፈረደ፤ ሌላው «የተባረረ ሰው ቂም ይናገራል» ብሎ በእርሱ ፈረደ። ሁለቱም የግራ ቀኙን ሳይሰሙ የፈረዱ ናቸው።

ፎክስ ነገሩን በጠበቆች አስመረመረ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የወጣው ውጤት የወጣቱን ክስ የሚደግፍ ማስረጃም ምስክርም እንዳልተገኘ ገለጸ፤ እርሷም በዳኝነቷ ቀጠለች። ሆኖም ወጣቱ ተወዳዳሪ ሳለ በስልክ መነጋገራቸውን እርሷ ራሷ አምናለች፤ ስለ ተነጋገሩት ግን የሁለቱ ቃል እጅግ ተለያየ፤ ልዩነቱን የሚፈታ ማስረጃም አልተገኘም። ከዚህ በኋላ ፎክስ ዳኞችና ተወዳዳሪዎች የሚቀራረቡበትን የሚከለክለውን ደንብ አጠበቀ።

እኔ ለክሱ አልፈርድም። ማስረጃ ባልተገኘበት ነገር ሰውን መኰነን ሌላ በደል ነው። የማመዛዝነው ያን የስልክ ንግግር ነው። በስልክ መነጋገር ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን ዳኛና ተወዳዳሪ ለብቻቸው ሲነጋገሩ ሦስተኛ ጆሮ የለም። ስለዚህ ዳኛው በድሎ እንደ ሆነ በደሉን የሚያስረዳ አይገኝም፤ ንጹሕ እንደ ሆነም ንጽሕናውን የሚመሰክርለት የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑት ከዚያ ወጣት ጋር የተወዳደሩት ናቸው፤ በትክክል ስለ መዳኘታቸው ጥርጣሬ ቢገባቸው ማን ያስረዳቸዋል?

ከዳኝነት መራቅን የሚጠይቅ ደንብ ስለዚህ ዳኛውን ለማዋረድ የወጣ አይደለም፤ እርሱንም ጭምር የሚጠብቅ አጥር ነው። አጥርም የሚታጠረው ከብቱ ከጠፋ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ነገ በትምህርት ቤት የግጥም ወይም የሩጫ ውድድር ዳኛ ሁኑ ትባሉ ይሆናል። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ወንድማችሁ ወይም የምትወዱት ሰው ቢኖር፣ ውድድሩ ሳይጀመር «ይህ ወዳጄ ነውና ከዳኝነቱ ልነሣ» በሉ። ወዳጃችሁ ሲያሸንፍ ድሉን ማንም እንዳይጠረጥርበት የምታደርጉለት ከሁሉ የሚበልጠው ውለታ ይህ ነው።