ከማዕድ የተለየው ወንድም

ዛሬ እስቲ በሐሳብ ወደ ሙት ባሕር ዳርቻ፣ ቁምራን ወደሚባለው ደረቅ ስፍራ እንውረድ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ገደማ እረኞች በዚያ አካባቢ ባለ ዋሻ ውስጥ ጥንታዊ ጥቅልሎች አገኙ። ከእነርሱ አንዱ ከጌታ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ የተጻፈ የአንድ የአይሁድ ማኅበር ደንብ ነው። ሰዎቹ በንጽሕና ለመኖር ብለው ከሕዝቡ የተለዩ፣ ንብረታቸውን አንድ ያደረጉ፣ በአንድ ማዕድ የሚበሉ ነበሩ። አዲስ ገቢ ወደዚያ ማዕድ የሚቀርበው ተፈትኖ ነው።

ቅጣታቸው እንዴት ነበር መሰላችሁ? በጉባኤ መካከል እንቅልፍ የወሰደው 30 ቀን ይቀጣል። (ይህ ሕግ በእኛ ስብሰባ ቢኖር ስንቶቻችን እንተርፍ ነበር?) ስለ ንብረቱ አውቆ የዋሸ አንድ ዓመት ከንጹሑ ማዕድ ይለያል፤ ከምግቡም ሩቡ ይቀነስበታል። ባልንጀራውን ያማም አንድ ዓመት ይለያል። ማኅበሩን ያማ ግን ይባረራል፤ አይመለስም። አሥር ዓመት ቆይቶ የከዳም እንዲሁ ነው። ለዚህ ሰው ምግቡን ወይም ንብረቱን ያካፈለ ሁሉ ቅጣቱን ይካፈላል።

ብዙ ሊቃውንት እነዚህን ሰዎች ኤሴናውያን ከሚባሉት ወገን ይቆጥሯቸዋል። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ስለ ኤሴናውያን ሲጽፍ፣ ከ100 ሰው በታች ተቀምጦ ፍርድ አይሰጥም ነበር ይላል። ስለ ተባረረው ሰው የጻፈው ግን ልብ ይነካል። ሰውየውን ማንም አላሰረውም፤ የሚይዘው የገዛ መሐላው ነው። የሌላ ሰው ምግብ እንዳይበላ ምሏልና ሣር እየበላ ሰውነቱ በረሃብ ያልቃል።

ታዲያ ምን ሆነ? ወንድሞቹ አዘኑለት። ጆሴፈስ እንደሚለው ብዙዎቹን ሊሞቱ ሲያጣጥሩ መልሰው ተቀበሏቸው፤ እስከ ሞት ደጃፍ መሠቃየታቸው ለበደላቸው ይበቃል ብለው።

ወገኖቼ፣ ምሕረቱ መልካም ነው። ግን ለምን እስከዚያ ድረስ ዘገየ?

ሐዋርያው ጳውሎስም ቅጣትን ያውቃል። በአንደኛ ቆሮንቶስ 5 በኃጢአት የጸናውን ሰው ከመካከላችሁ አውጡት ይላል። በሁለተኛ ቆሮንቶስ 2 ግን ስለ ተቀጣ ሰው ሲናገር፣ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ሐዘን እንዳይውጠው ይቅር በሉት፣ ፍቅራችሁንም አጽኑለት ይላል። በሁለተኛ ተሰሎንቄ 3 ደግሞ የማይታዘዘውን እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቁጠሩት ብሏል። እዚህ ላይ ቅጣት ግቡ መመለስ ነው።

በየጉባኤያችን ከጌታ እራት የታገደ ወንድም ወይም እህት ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ በምእመናን ፊት ሲነገር ሁላችን ሰማን። ከዚያ በኋላስ ማን ደወለለት? ማን በሩን አንኳኳ? እኛ ሥርዓት ጠበቅን ስንል እርሱ በቤቱ ሣር እየበላ እንዳይሆን!

በዮሐንስ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አስታውሱ። እርሱ የተባረረው በድሎ ሳይሆን እውነት ተናግሮ ነው። ጌታ ኢየሱስ መባረሩን በሰማ ጊዜ ግን ዝም አላለም፤ ሄዶ አገኘው።

ውድ አንባቢ፣ አሁን አንድ ስም በልብህ መጥቶ ከሆነ፣ እስከ ነገ አታቆየው። ሂድና ፈልገው። የተባረርከው አንተ ከሆንክ ደግሞ ንስሐ ግባ፤ የሚፈልግህ እረኛ አለ። ጌታ ይርዳን። አሜን።