የተዋሱት ትረካ፣ የራሳቸው እምነት፦ ገድለ አብርሃም በቤተ እስራኤል

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስራኤል ተጓዙ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ የታሪክ ተመራማሪው ስቲቨን ካፕላን ማንነታቸው ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ የተቀረጸ፣ ድርሳኖቻቸውም አብዛኞቹ በክርስቲያኖች በኩል የደረሷቸው መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ አቆጣጠር ጠብ የለኝም፤ የሌስላው የቤተ እስራኤል ድርሳናት ስብስብና የሸለመይ የዜማቸው ጥናትም የታወቁ ናቸው። የማልቀበለው «ከሌላ የመጣ ስለሆነ የራሳቸው አይደለም» የሚለውን፣ ከዚህ ግኝት በችኮላ የሚቀዳ መደምደሚያ ነው።

በዚህ ሚዛን በግብፅ የነበሩት፣ ግሪክኛ ተናጋሪ አይሁድስ ምን ሊባሉ ነው? ከእነርሱ መካከል የሚቆጠረው ጸሐፊ አርጣጳኖስ ሙሴን ኢትዮጵያን የወጋ የጦር አለቃ አድርጎታል፤ ኢትዮጵያውያንም ጠላታቸውን ከመውደዳቸው የተነሳ ግዝረትን ከእርሱ ተማሩ ይላል። የግብፃውያንን የእንስሳት አምልኮ እንኳ የሙሴ ሥራ አድርጎ ይቆጥራል! ከኦሪት ይህን የሚያገኝ የለም። ሆኖም አብዛኞቹ ሊቃውንት ሰውየውን አይሁዳዊ ይሉታል።

በቤተ እስራኤል ዘንድ የሚገኘው ገድለ አብርሃምም የተወለደው እዚያው አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፤ በግሪክኛ ተጽፎ፣ በቅብጥና በዐረብኛ አልፎ ግእዝ ደረሰ። ሚካኤል አብርሃምን ለሞት ሊጠራ በእንግዳ አምሳል ይመጣል። አብርሃም የእንግዳውን እግር ሲያጥብ ያለቅሳል፣ ይስሐቅም ያለቅሳል፤ በግሪክኛው ቅጂ የመልአኩ እንባ ኩስኩስቱ ላይ ወድቆ ዕንቁ ይሆናል። የእንግዳ እግር በሚታጠብበት የጎንደር ገጠር ይህ ትረካ ማብራሪያ አያሻውም። ቤተ እስራኤል ከመግቢያው የሥላሴን ስም አውጥተው በምትኩ የእስራኤልን አምላክ አመሰገኑ። ካፕላን መጽሐፉ የመጣበትን መንገድ በጥንቃቄ ይከተላል፤ ለተቆረጠው ግን የሚገባውን ክብደት አይሰጥም።

«መግቢያ መለወጥ የገልባጭ ልማድ ነው» የሚል ይኖራል። ገልባጭ ግን የሃይማኖቱን ዋና ምስጢር በልማድ አይፍቅም።

ምናልባት ከዚህ በላይ መሄድ ድፍረት ይሆናል፤ ቢሆንም ማንነታቸውን ያጸደቀው ፍርድም በተወረሰ ትረካ ላይ ቆሟል፦ ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲፈርዱ የተደገፉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ በተሰጠ የረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ ፍርድ ነው። ከዚያም ጀርባ የ9ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኛ የኤልዳድ ሃዳኒ ትረካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ እንዲመለከታቸው የወሰነው ይህን ፍርድ ይዞ ነው።