ባራ፣ ያጻር፣ ራቃዕ፦ የዘፍጥረት የዕብራይስጥ ቃላትና የጋፋት ቀጥቃጮች

ኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች የእግዚአብሔርን የፍጥረት ሥራ የሚገልጸው በአንድ ግሥ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጡ ባራ (ፈጠረ)፣ ዓሳህ (ሠራ፣ አደረገ)፣ ያጻር (ቅርጽ ሰጥቶ አበጀ) እና ባናህ (ገነባ) የሚሉ ግሦች እናገኛለን። በአማርኛ ስናነብ ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አይታየንም። ልዩነቱ ደግሞ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በተለይ በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ሰው ለዘመናት በተናቀበት አገር፣ ሰው ስለ ጎረቤቱ ያለውን አመለካከት ይነካል።

በቅድሚያ ቃሉ በምን መንገድ እንደ ደረሰን እንመልከት። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ሰባ ሊቃናት ከሚባለው የግሪክ ትርጉም ነው። ግሪኩ በዘፍ. 1፥1 ላይ ባራን "ሠራ" በሚል የተለመደ ግሥ ስለ ተረጎመው፣ ግዕዙም ተከትሎ "ገብረ" አለ። በዚህም ባራና ዓሳህ ተቀላቀሉ። አማርኛው "ፈጠረ" ሲል ወደ ዕብራይስጡ ቀርቧል፤ ነገር ግን የ1954ቱ ትርጉም በዘፍ. 1፥26 ላይም "እንፍጠር" ይላል። በዚያ ቦታ ዕብራይስጡ ዓሳህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም "እንሥራ" ብሎታል። የቀድሞዎቹ ተርጓሚዎች ተሳሳቱ ማለታችን አይደለም፤ በሚቀጥለው ቁጥር ስለዚያው ሥራ ባራ ሦስት ጊዜ ተጽፏልና።

ባራ በዚህ የግሥ ዓይነት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሲመጣ ባለቤቱ ሁልጊዜ እግዚአብሔር ነው። ንጉሥም ሆነ ጠቢብ "ባራ" አልተባለለትም። ብዙ ጊዜ ከመድረክ "በዕብራይስጡ ባራ ማለት ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት ማለት ነው" ሲባል እንሰማለን። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ቃሉ ግን ብቻውን ይህን አይልም። ሰው በዘፍ. 1፥27 "ባራ" ተብሎለታል፤ በዘፍ. 2፥7 ግን የተገኘው ከአፈር ነው። እግዚአብሔር ዓለምን ከሚታየው ነገር እንዳልሠራ የምንማረው ከመላው መጽሐፍ፣ በተለይም ከዕብ. 11፥3 ነው። እውነተኛውን ትምህርት ሊሸከመው በማይችል ቃል ላይ ከጫንነው፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ተከራካሪ የመጣ ቀን ምእመኑ ይናወጣል።

ሌሎቹ ቃላት ግን ከሰው የእጅ ሥራ የተወሰዱ ናቸው። እዚህ ላይ ከደብረ ታቦር ብዙ ሳይርቅ ወደሚገኘው ወደ ጋፋት እንሂድ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስቾና ማሠልጠኛ የተላኩ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ሚስዮናውያን በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ነው። የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነበር፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩለት ፈለገ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የቀለጠውና የተቀረጸው በጋፋት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ የደረሰው በተራራና በገደል ላይ እየተጎተተ ነው።

በዘፍ. 1፥6 "ጠፈር" የተባለው በዕብራይስጥ ራቂዓ ነው። የዛሬ አንባቢ ጠፈር ሲባል መንኮራኩር የሚጓዝበትን ሕዋ ያስባል። ራቂዓ የመጣው ግን ራቃዕ ከሚለው ግሥ ነው፤ ይኸውም ብረትን ወይም ወርቅን ቀጥቅጦ ማሳሳትና መዘርጋት ነው። በዘጸ. 39፥3 ለካህኑ ልብስ ወርቁ የተቀጠቀጠው በዚሁ ግሥ ነው፤ በኢዮብ 37፥18 ደግሞ ሰማይ ከቀለጠ መስተዋት ጋር ተነጻጽሮ ይኸው ግሥ ተነግሮለታል። ሙሴ ሰማይ ከብረት የተሠራ ነው እያለ ማስተማሩ ነው ወይስ አንባቢው በሚያውቀው ሥዕል መናገሩ? ከቃሉ ሥር ብቻ ይህን መወሰን አይቻልም። ሥዕሉ ግን ያለ ጥርጥር የቀጥቃጭ ሥራ ነው።

በእነዚህ ደጋዎች "ቀጥቃጭ" የሙያ ስም ብቻ አልነበረም፤ ስድብም ነበር። በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ በብረት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ማረሻውንና ጋኑን እየገዙ፣ ሠሪውን ግን "ቡዳ" ይሉት ነበር። ከሚስዮናውያኑ መካከል ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ በእነርሱ መካከል አገልግሏል። ቤተ እስራኤላውያን ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር፤ ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነው። ስለዚህ የራሳቸው ሙያ ስም በኦሪት መጀመሪያ ላይ በዕብራይስጥ መኖሩን የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም።

ስለ ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ዘፍ. 2፥7ን እንይ። የ1954ቱ ትርጉም እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር "አበጀው" ያለው ያጻር የሚለውን ነው። ከዚሁ ግሥ የሚወጣው "ዮጼር" በዕብራይስጥ የሸክላ ሠሪ መጠሪያ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 18 ወደ ቤቱ የወረደው ሰው ዮጼር ይባላል። ስለ ሔዋን በዘፍ. 2፥22 የተነገረው ባናህም ቤት ለሚሠራ ሰው የሚነገር ነው።

ግዕዝና አማርኛ የዕብራይስጥ ዘመዶች በመሆናቸው እኛ ከብዙዎች ይልቅ ዕድለኞች ነን። ማይም ማይ (ውኃ)፣ ሻማይም ሰማይ ነው። ዮም (ቀን) በግዕዝ "ዛሬ" ማለት ሆኖ ይገኛል። በነገራችን ላይ ዮም በዘፍ. 1 ምሽትና ጠዋት ያለው ቀን ሲሆን፣ በዘፍ. 2፥4 ግን የፍጥረትን ሥራ ሁሉ በአንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ስለ ቀኖቹ ርዝመት የሚከራከር ሰው ሁለቱንም ይያዝ። ነገር ግን ዝምድና ያታልላልም። ዓባድ በዕብራይስጥ "ሠራ፣ አገለገለ" ሲሆን፣ በግዕዝ ግን በዚያው ፊደል የተጻፈው ዐብድ ሞኝ ወይም እብድ ማለት ነው! በድምፅ ብቻ ተመርቶ ስብከት የሚያዘጋጅ ሰው የት እንደሚደርስ አንባቢው ያስብ።

ይኸው ዓባድ በዘፍ. 2፥15 አዳም በገነት የተሰጠው ሥራ ነው። የ1954ቱ ትርጉም "ያበጃት" ስላለ፣ እግዚአብሔር ሰውን ካበጀበት ቃል ጋር አንድ ይመስላል፤ በዕብራይስጡ ግን ሌላ ነው። ከእርሱ ጋር የተጣመረው ሻማር (ጠበቀ) ነው። ሁለቱ ግሦች እንደገና አብረው የሚታዩት በዘኍ. 3፥7-8 ሲሆን፣ በዚያ የተነገሩት ስለ ሌዋውያን የማደሪያው ድንኳን አገልግሎት ነው። በጉና ተራራ ሥር ገብሱን የሚያርሰው ገበሬም፣ ማረሻውን የሚያበጅለት ቀጥቃጭም ሥራቸው ዓባድ በሚለው ቃል ውስጥ ይገባል።