ከድልድይ ወደ ወንዝ፦ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ደኅንነቱ የተጠበቀ መውረጃ

ድልድይ የመንገድ ክልልና የወንዝ ዳርቻ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከሲግናል አካባቢ እስከ ቀበና ባለው የየካ ክፍለ ከተማ የቤትና የድርጅት አጥር በብዙ ቦታ እስከ ገደሉ አፋፍ ስለሚደርስ፣ ወደ ውኃው የሚያስወርደው ቀጭን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በድልድይ ጥግ ያልፋል። ይህን መንገድ የሠራው መሐንዲስ ሳይሆን የሰው እግር ነው፤ ደረጃም መደገፊያም የለውም።

ሕጉ መሠረቱን ጥሏል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት የወንዝ ዳርቻው በብዙ ቦታ የግል ይዞታ በመሆኑ ከድልድይ ወደ ወንዝ የመውረድ መብት ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ባለይዞታው አጥሩን ከድልድዩ ጋር ማያያዝ ቢችልም ለሕዝብ ማለፊያ እንዲተው ያስገድዳል። በአዲስ አበባ ግን ዋናው ጥያቄ የባለቤትነት ሳይሆን የንድፍ ነው፦ ድልድዩ የሚሠራው ለተሻጋሪ እንጂ ለወራጅ ታስቦ አይደለም።

የአደጋው ምንጭ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ ተነሥተው በታላቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጋራ እስከ ሐይቁ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ክረምት ላይ ሰፈሩ ፀሐይ ሆኖ ሳለ እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ደራሽ ውኃ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አስፋልትና የቆርቆሮ ጣሪያም ውኃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ በማድረግ ጎርፉን ያፋጥኑታል። በነሐሴ 2013 በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ ቢያንስ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

በድልድይ ሥር ሥጋቱ ይብሳል። ወንዙ በዚያ ስለሚጠብ ውኃው ከፍ ይላል፤ ግንድና ቆሻሻ ሲወተፍበት ደግሞ ወደ ኋላ ይተኛል። በምሰሶው ግርጌ ጎርፉ የሚቆፍረው ጉድጓድ በበጋ ረጋ ያለ ኩሬ መስሎ ለዋና የሚወርዱ ልጆችን ያታልላል። የክረምቱ ውኃ እስከ የት ደርሶ እንደነበር ታኅሣሥ ላይ በዳርቻው ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ፌስታልና ጨርቅ ያሳያል።

ሁለተኛው ሥጋት ብክለት ነው። ከየቤቱ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ ውኃውን ለዋና፣ ለልብስ አጠባም ሆነ ለአትክልት መስኖ አደገኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ውኃው በምርመራ ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ መውረጃው ለመቀመጫና ለእግር ጉዞ ብቻ ሊያገለግል ይገባል።

ጥሩ መውረጃ በወንዙ መታጠፊያ ውጫዊ ዳር፣ ማለትም ጎርፉ በሚመታው በኩል፣ አይሠራም። ቁፋሮው የድልድዩን መሠረት እንዳያጋልጥ ከዳር ግንቡ ራቅ ይላል፤ ተዳፋቱም በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት፣ ይደገፋል። ደረጃው የማያንሸራትት ድንጋይና የእጅ መደገፊያ፣ ቦታው በፈቀደ መጠን ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ዘቅዛቃ መንገድ ያስፈልገዋል። መቀመጫው ከተለመደው የክረምት ውኃ ከፍታ በላይ ይሆናል። በዳር ግንቡ ላይ የጎርፍ ከፍታ ምልክት ይቀባል፤ ከድልድይ ሥር መብራት ይገባል፤ ሰው በአንድ በኩል ቢታገድ የሚያመልጥበት ሁለተኛ መውጫም ይተዋል።

ግንባታ ያለ ማስጠንቀቂያ ግን ግማሽ ሥራ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 5.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሴኡል ከተማ የቾንግዬቾን ጅረት የእግረኛ መንገድ ከከተማው ጎዳና ዝቅ ብሎ በውኃው ዳር ስለሚሄድ ከባድ ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። ለየካም የሚበጀው በእንጦጦ ላይ የዝናብ መለኪያ፣ በድልድዩ ላይ የድምፅ ማስጠንቀቂያ፣ በመውረጃው ደግሞ ወደ ታች የሚገባውን የሚያግድ፣ የሚወጣውን ግን የማያስቀር በር ነው።

በ2011 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ታቅዶ የተነሣ ነው፤ ኋላም የቀበና ዳርቻ ልማት ተከትሏል። በየሰፈሩ ላሉት ትናንሽ ድልድዮች ግን የተለየ ፓርክ መጠበቅ አያስፈልግም። ድልድይ ሲሠራ ወይም ሲጠገን ማሽኑም ድንጋዩም ባለሙያውም በቦታው ስላሉ መውረጃውን በዚያው የሥራ ውል ማካተት ለብቻው ከመሥራት ይረክሳል። የጠራጊውና የበር ዘጊው ኃላፊነት ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ካልተለየ ግን ደረጃው በመጀመሪያው ክረምት በደለል ይዋጣል።